ሩሩን ስቶ ቅልጥም ያገኘ ዱላ

መንዝ ላይ የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ከሰዓት በኋላ ለገና ጨዋታ ሜዳው ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዴ የላይኛው መንደር ከታችኛው፣ አንዳንዴ ያገባው ካላገባው ይገጥማል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ድቡልቡል ነገር። ዳኛ የለም፤ የሜዳው ወሰንም ሩሯ እስከሄደችበት ነው። እኔን ከአዲስ አበባ ያስመጣኝ አጎቴ ነው። «ዘንድሮ ገናን ከኛ ጋር ካልዋልክ ዘመድ ነኝ አትበል» ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ሞቅ ብሎ አቧራው ሲጨስ የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ሩሯን ሊቀማ ዘሎ ገባ። ከወዲያ የተሰነዘረው ዱላ ሩሯን ስቶ ቅልጥሙን አገኘው። በዚያ ላይ ልጁ በሩጫ ላይ ስለነበር በተመታው እግሩ ላይ ተጣጥፎ ወደቀ። «ቀጭ» ያለውን እኔም ከዳር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። አልጮኸም። ቁጭ አለና እግሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሰው ከበበው፤ ምክሩም ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ «ወለምታ ነው፣ ይታሽ» ይላል። ሌላው «ሳብ አድርጉለት፣ ቦታው ይገባል» ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ጣቱን ያንቀሳቅስ እስቲ፣ ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም» አሉ። ልጁ አውራ ጣቱን አንቀሳቀሰ። «ተመስገን!» ተባለ።

ይህች «ጣቱን ካንቀሳቀሰ» የምትባል ፍርድ በሀገራችን ብዙ ሰው ጎድታለች፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይባት። ጣትን የሚስበው ጡንቻና ጅማት ነው። ጅማቱ ካልተበጠሰ አጥንቱ ለሁለት ቢከፈልም ጣት ይታዘዛል። ከጉልበት በታች ደግሞ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ስላሉ አንዱ ተሰብሮ ሌላው ሲተርፍ እያነከሰ የሚሄድ ሰውም አለ። እንግዲህ መንቀሳቀሱ ደኅንነቱን አይመሰክርም። የሚመሰክሩት ሌሎች ናቸው፦ ሲመታ ወይም ሲወድቅ የተሰማ የመሰበር ድምፅ፣ ቶሎ የሚመጣ እብጠትና መበለዝ፣ ከወትሮው የተለየ ቅርፅ፣ በዚያ እጅ ወይም እግር መጠቀም አለመቻል። ከሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው አጥንቱን ተከትሎ በአንድ ጣት ጫፍ በዝግታ ሲነኩት አንዲት ነጥብ ላይ የሚያስደነግጥ ሕመም ነው። ወለምታ ሕመሙ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይሰፋል፤ ስብራት ግን በአብዛኛው አጥንቱ ላይ ቦታውን ይነግራችኋል። ጤነኛውን እግር ከጎኑ ገልጦ ማየት ደግሞ ትልቅ ዳኛ ነው።

ቁርጭምጭሚት ላይ ስብራትን ከወለምታ መለየት ለሐኪሞችም ቢሆን ያስቸግራል። የካናዳ ሐኪሞች በኦታዋ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ደንብ አለ፤ ዛሬ በብዙ ሀገር ድንገተኛ ክፍል ይሠራበታል። ሰውየው እንደተጎዳ ወዲያውና ሐኪም ፊት አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን ጉብ ያለ አጥንት ከኋላ ጠርዙ በኩል እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሲጫኑት ካመመው ራጅ ይነሣ ይላል። የመሐል እግርን የሚመለከት ተጨማሪ ክፍልም አለው። ለአረጋውያን ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። አያታችሁ ጓዳ ውስጥ አንሸራትቷቸው ወድቀው አልነሣ ካሉ፣ አንዱ እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ካያችሁት፣ «ደንግጠው ነው፣ ይረፉ» ብላችሁ አታስተኟቸው። የዳሌ መገጣጠሚያ አጠገብ ያለው የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ የአልጋው ቀን በረዘመ ቁጥር ሳንባቸውና ቆዳቸው ይጎዳል።

ወደ ሜዳው ልመለስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን የተማርኩት ከትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሥልጠና አለ በተባለበት ሁሉ ገብቻለሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም፣ ጣልያን ሊወርረን ጦሩን ሲያከማች የተመሠረተ ነው። ቁስለኛ ለማንሣት የተወለደ ማኅበር ስለሆነ ትምህርቱም እንደ ጦር ሜዳ ቀጥተኛ ነው፦ አትጎትት፣ አትሽ፣ ባገኘኸው ሁኔታ ደግፈህ እሰር፣ ከዚያ ተመልከት። እንዲህ የምጓጓበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሱሪውን በምላጭ ቀደድን። ቅልጥሙ ከመሐል ዝቅ ብሎ ጎብጧል። ከጉብጠቱ ፊት ለፊት ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀዳዳ አለች፤ ከሷ ዝግ ብሎ የሚወጣው ጠቆር ያለ ደም ላይ የስብ ጠብታዎች ያብረቀርቃሉ። ያ ስብ የመቅኔ ነው። ቀዳዳዋ ብታንስም አጥንቱ ቆዳውን ወግቶ ተመልሷል ማለት ነው። ክፍት ስብራት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ክፍት የሚለው አጥንቱ ተርፎ ወጥቶ ሲታይ ብቻ ስለሚመስለው እንዲህ ያለችውን ቀዳዳ በፕላስተር ዘግቶ ቤቱ ይገባል። ጀርሙ ግን አጥንቱ ጋ ደርሷል። የጀርም መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የቲታነስ መርፌውም እንደዚሁ።

አንዲት እናት የቡና ዱቄት በጭብጣቸው ይዘው እየሮጡ መጡ።

«እማማ፣ እባክዎ ይተዉት» አልኳቸው። «እዚህ የሚገባው ሁሉ አጥንቱ ድረስ ይወርዳል።»

«ታዲያ ደሙ በምን ይቁም?»

«ንጹህ ጨርቅ ካገኘሁ ይበቃኛል።»

ለበዓሉ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላቸውን ሳያመነቱ ጫፉን ቀደው ሰጡኝ። እኒያን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ጨርቁን አጣጥፌ ቀዳዳዋ ላይ አኖርኩና ደሙ ቀጥ እስኪል ደግፌ ያዝኩት። አጥንት ወጥቶ ቢሆን ኖሮም ወደ ውስጥ መግፋት የለም፤ ዙሪያውን ከፍ አድርጎ መሸፈን ነው።

ከማሰሬ በፊት እግሩን ከታች ተመለከትኩ። ኮንጎ ጫማውን በዝግታ አወለቅን። ጣቶቹ ይሞቃሉ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጌ ስለቀው የነጣው ቶሎ ቀላ፤ ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። ስነካው «ይሰማኛል» አለ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማለትም ሙቀቱን፣ የደሙን መመለስና ስሜቱን ከማሰር በፊት ያላየ ሰው ካሰረ በኋላ የሚያየውን ከምን ጋር ያነጻጽራል?

መደገፊያው የእረኛ ዱላዎችና የዘይት ካርቶን ሆነ። ደንቡ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዳይንቀሳቀሱ ማድረግ ነው፤ ለቅልጥም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ማለት ነው። ስለዚህ ዱላዎቹ ከጭኑ መሐል እስከ ተረከዙ በታች ደረሱ። በመሐል ጋቢ ተጠቅልሎ ገባ፤ እንጨት በቀጥታ ቆዳ ላይ አይታሰርም፣ በተለይ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ። በመቀነት ሁለት ቦታ ከላይ፣ ሁለት ቦታ ከታች አሰርን፤ ስብራቱ ላይና ቁስሉ ላይ ምንም አላሰርንም። ቋጠሮው ከውጭ በኩል፣ ጣቶቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተገልጠው ቀሩ። ይህን ሁሉ ስናደርግ አንድ ሰው ብቻ እግሩን ከላይና ከታች ደግፎ እንዲይዝ አደረግኩ፤ እንዲጎትት ግን አልፈቀድኩም።

እጅ ቢሆን ነገሩ ይቀላል። ክንድ በተጣጠፈ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ተደግፎ በነጠላ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ያለው አጥንት ሲሰበርም ነጠላው ራሱ ይበቃል። ጣት ከጎረቤቱ ጣት ጋር ጨርቅ በመሐላቸው አድርጎ ይታሰራል። ቀለበትና አምባር ግን እብጠቱ ሳይመጣ ቶሎ ይውለቅ። አንገትና ጀርባ የተጎዳ የመሰላችሁን ሰው ደግሞ አደጋ እላዩ ላይ እየመጣ ካልሆነ በቀር ከወደቀበት አታንሡት፤ ራሱን በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ እርዳታ ጠብቁ። ጭን ከተሰበረ እጅግ ፍጠኑ። ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ደም አንዲት ጠብታ ውጭ ሳይታይ ጭኑ ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

የአጎቴ ሚስት ጠላ በጣሳ ይዛ መጣች፤ ልቡን ያደነድንለት ዘንድ አረቄ ያመጡም ነበሩ። እዚህ ላይ ክርክሩ ከበደኝ፤ በበዓል ቀን የቆሰለ ልጅን ከልክሎ ማቆየት ለእናት ጭካኔ ነው። «እቴ፣ ሐኪሞቹ አደንዝዘው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሆዱ ሙሉ ከሆነ ትውከቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል» ብዬ አስረዳኋት። እንባዋን ጠርጋ ጠላውን አስቀመጠች። በበርኖስ ሸፈንነው፤ የመንዝ ብርድ የደነገጠ ሰው አይምርም።

የወረዳው አምቡላንስ ወላድ ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄዷል ተባለ። አንድም የሚያስቆጣ ነገር የለውም፤ ወላዷም ሰው ናት። ወጣቶቹ ቃሬዛ አበጁ፣ እየተፈራረቁ ቁልቁለቱን ተሸክመው እስከ ጥርጊያው መንገድ አወረዱት። እዚያ ገብስ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ሹፌሩ ጆንያዎቹን አስተካክሎ ከላይ ጠፍጣፋ ቦታ አዘጋጀልን፤ እኔና አጎቴ ከጎኑ ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመንገድ ነገር ነው። ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማም ሲነካ ልል ሆነ። ረዳቱ ጎሚስታ ፍለጋ በእግሩ ወደ ፊት ሄደ። ፀሐይ ጠለቀች፣ እኛም ከገብሱ ላይ በጨረቃ ቀረን። በዚያ መሐል ልጁ «ማሰሪያው በላኝ» አለ። በስልክ መብራት ጣቶቹን አየሁ፤ ነጥተዋል። ጥፍሩን ጫን አድርጌ ብለቀው ቀለሙ ሲመለስ ዘገየ። እግር ከተሰበረ በኋላ ለሰዓታት እያበጠ ይሄዳልና ማታ የሚበቃው ቋጠሮ ሌሊት ማነቂያ ይሆናል። ዱላዎቹን ሳላንቀሳቅስ መቀነቶቹን አንድ በአንድ አላላሁ። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሞቁ። አጎቴ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና «የጎረቤታችሁ ልጅ እጁ የቀረው እንዲህ ሆኖ ነው?» አለኝ። ታሪኩን ከእናቴ ሰምቶት ኖሯል።

አዎ፣ እንዲህ ሆኖ ነው። ልጅ ሳለን ጎረቤታችን ሆኖ ያደገ፣ አብሮኝ የሚማር ልጅ ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቆ ክርኑ አጠገብ ተሰበረ። ልጆች ሲወድቁ እጃቸውን ዘርግተው ስለሚወድቁ ይህ የክርን ስብራት በነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ የክንዱ ዋና የደም ሥርም በዚያው ጎን ነው የሚያልፈው። ሰፈራችን ያመጣለት ሰው በቅቤ አሽቶ፣ በሸምበቆ ዙሪያውን ገጥግጦ፣ በገመድ ጠምጥሞ አጥብቆ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን አለቀሰ። «ሕመሙ የመግጠም ነው፣ ይቻል» ተባለ። በነጋታው ልቅሶውን ተወ። ቤተሰቡ ደስ አላቸው፤ ዳነ መሰላቸው። ሕመሙን የተወው ግን ነርቩ ስለሞተ ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ እጁ ጠቁሯል፤ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

የሆነው ይህ ነው። የክንድና የቅልጥም ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን የተከበቡ ናቸው። ከውስጥ እብጠት፣ ከውጭ ሸምበቆ ሲያጣብቃቸው ደም መግባት ያቅተዋል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው አይመለስም። ምልክቶቹን ማንም እናት ልትይዛቸው ትችላለች፦ ከጉዳቱ ልክ ያለፈና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ጣቶቹን በሌላ ሰው እጅ ቀና ሲያደርጓቸው የሚያስጮህ ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ መንጣት ወይም መጥቆር፣ መቀዝቀዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲመጡ ነው መፍጠን፤ ከመጥቆሩ በኋላ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። የሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች በየሆስፒታሉ የሚቆርጧቸው ብዙ እጅና እግሮች ስብራቱ ሳይሆን ማሰሪያው የገደላቸው ናቸው፤ በጥናቶቻቸው ደጋግመው ጽፈውታል። በኔ እምነት ከዚህ የሚያሳዝን የአካል መጉደል የለም፤ ልጁ ተሰብሮ ሳለ ቢተዉት እንኳ ጠማማ እጅ ይኖረው ነበር።

ረዳቱ ከጎሚስታው ጋር ሲመለስ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የመንደሩ ወጌሻ ናቸው፤ የተሰበረ ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል ሲባሉ በሌሊት በትራቸውን ይዘው ወጥተዋል። አጎቴ እኔን አየኝ፤ እኔም ሰጋሁ። ሽማግሌው ወደ አይሱዙው ተደግፈው ወጡ፣ ከልጁ ጎን ተንበረከኩ፣ ባትሪያቸውን አበሩ። ጣቶቹን ዳሰሱ። ነጠላው ላይ የደረቀውን ደም አዩ።

«ቆዳውን ቀዷል?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ወጥቶ ተመልሷል።»

«እንግዲህ ይኼ የኔ አይደለም። ቆዳ ያስተረፈውን እንደ አባቴ ወግ አያለሁ። ቆዳ የቀደደ ግን ይመረቅዛል፤ ቶሎ አድርሱት።» ከዚያ ለሹፌሩ በየት በኩል መንገዱ እንደሚሻል ነገሩትና ልጁን ግንባሩ ላይ ስመው ወረዱ።

ያን ሌሊት የሳቸውን ነገር ሳወጣ ሳወርድ አነጋሁ። ወጌሻን ሁሉ አሳድዶ ማባረር የሚሹ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ በሌሊት ይመጣል፣ ያስተዛዝናል፣ ሕዝቡ ያምነዋል። ሆስፒታሉ የቀን መንገድ በሆነበት ሀገር መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። ደግሞም በሕክምናው ዓለም የአጥንት ነገር ከወጌሻ ቤት የተወለደበት ታሪክ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር በዌልስ ዳርቻ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ የጣለው አንድ ልጅ አጥንት ጠጋኝ ሆነ፤ ሙያው በዘሩ ወረደ። ከልጅ ልጆቹ አንዱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ስሙ የታወቀ ወጌሻ ነበር፤ ሐኪሞች ያለ ፈቃድ ይሠራል እያሉ በተደጋጋሚ ከሰሱት። እሱ ምን አደረገ? አምስት ወንዶች ልጆቹን በሙሉ ሕክምና አስተማረ። ከነሱ አንዱ ሂው ኦወን ቶማስ (እ.ኤ.አ. 1834–1891) ለተሰበረ እግር የሚሆን የብረት መደገፊያ ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚስቱ ወገን ዘመድ የሆነው ሐኪም ሮበርት ጆንስ ያን መደገፊያ ለብሪታንያ ጦር አደረሰው። በጦርነቱ መጀመሪያ ጭናቸው በጥይት ተሰብሮ ከሚወድቁት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ መደገፊያው በግንባር ላይ መታሰር ከጀመረ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ዝቅ አለ። እንግዲህ የወጌሻ ልጅ የወታደር ነፍስ አተረፈ፤ መንገዱ ትምህርት ነበር። ለኛም ሀገር ወጌሾች ሦስት ነገር ብናስተምራቸው፣ ማለትም ክፍት ስብራትን ወደ ሐኪም እንዲያሳልፉ፣ ዙሪያውን ገጥግጠው እንዳያጠብቁ፣ ጣቶችን በየሰዓቱ እንዲያዩ፣ ስንት እጅ በተረፈ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ጎሕ ቀዷል። ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችን በስንት ሰዓት እንደተመታና መቼ እንደበላ ነው። መድኃኒትና የቲታነስ መርፌ ወዲያው ተሰጠው። ራጅ ተነሣ። ዊልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያንን ጨረር ባያገኝ ኖሮ ሐኪምም ሆነ ወጌሻ በዳሰሳ ብቻ ይቀር ነበር ብዬ ሁልጊዜ አደንቃለሁ። ቅልጥሙ በሰያፍ ተከፍሏል። ቁስሉን በብዙ ውኃ አጠቡት፤ ክፍት ስለሆነ መጀመሪያ ከውጭ የሚይዝ ብረት አደረጉለት፣ ጀሶው የመጣው ቆዳው ከዳነ በኋላ ነው። የተሰበረ ቅልጥም፣ ያውም ክፍት፣ ወራት ይፈልጋል። ልጁም ወራት ተኛ። አሁን በሁለት እግሩ ቆሞ ከአባቱ ጋር ያርሳል።

ከዚህ ጽሑፍ ምንም ባትይዙ ቁጥር ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ 939 ነው። ቤታችሁ ጀሶም ሆነ ፋሻ የታሰረ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጣቶቹን ገልጣችሁ ዳስሱ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሌላም ልመና አለኝ። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አላቸው። ጥቂት ገንዘብ ጨምረን አንድ ቃሬዛ፣ ፋሻ፣ ንጹህ ጨርቅና ቀጥ ያሉ መደገፊያ እንጨቶች የያዘ ሳጥን እንጨምርላቸው፤ ከአባላቱም ጥቂት ወጣቶች የቀይ መስቀልን ሥልጠና እንዲወስዱ እንላካቸው። በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ አንሡልኝ።